ሽምብራ ሲባዛ በሠላሳ ሺህ

የሰናፍጯ ፍሬ ከመምህሩ እጅ ያመለጠችው ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በመስኮቱ ደህና ብርሃን እየገባ ሳለ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ነጭ መሐረብ አንጥፎ ፍሬዋን መሐሉ ላይ አስቀመጠና፣ ዞር ብሎ፣ እንደገና ሊያገኛት ሞከረ። መሐረቡን አገኘው። የጠረጴዛውን ጠርዝ አገኘው። የሚስቱን የስፌት መኪና አገኘው። ፍሬዋን ግን የበላት ጅብ አልጮኸም። በጣቱ ሊዳስሳት ሲል መሐረቡን ሳበውና ይባስ ብላ ወለሉ ላይ ወደቀች፤ ስትወድቅ ድምፅ እንኳን አልነበራትም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የሰው ሱሪ ጫፍ እያጠፈች ከመነጽሯ በላይ አየችው።

«ወደቀች?»

«ወደቀች።»

«ተዋት፣ ቆርቆሮው ሙሉ ነው።»

«ሌላዋም ስትመጣ ያው ናት። የጠፋችው እሷ አይደለችም፤ የጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ደግሞ ጀመረህ! አንተ ሰውዬ፣ ለአንዲት ፍሬ ሙሾ ታወርዳለህ እንዴ?»

ቀልዷ ግን ከከንፈሯ አላለፈም። በሽታው ግላኮማ ይባላል። እንደ ሌላ የዓይን ሕመም አያቃጥልም፣ አያሳክክም፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው። ከዳር ጀምሮ ጥቂት በጥቂት ይበላል፤ ሰውየውም ትከሻው ከበር መቃን ሲላተም «ምን ነካኝ፣ ቀልቤን የት ጣልኩት» እያለ ይኖራል። መምህሩም እንዲሁ ሲል ኖረና ሐኪም ዘንድ ሲደርስ፣ ሐኪሙ መብራቱን አጥፍቶ ብዙ ካየው በኋላ «የሄደው አይመለስም። የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክር» አለው። ጠብታው ሞከረ፤ አልሆነለትም። አሁን መምህሩ ዓለምን የሚያያት በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ነው፤ ቀዳዳው ላይም ጉም ተኝቶበታል።

በትምህርት ቤቱ ይህን የሚያውቅ የለም፤ እሱ እንዲያ ያምን ነበር። ሰባተኛ ክፍልን ሳይንስ ያስተምራል። ስም ሲጠራ ልጆቹን በድምፃቸው ይለያቸዋል። ወንበሮቹ ከቦታቸው ንቅንቅ እንዳይሉ «ሥርዓት ነው» ብሎ ደንግጓል። ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ የግራ እጁን ጣት አስቀድሞ እየላከ ጠመኔውን ያስከትላል። የፈተና ወረቀቱን ቤት ይዞ ይመጣና ሚስቱ የሰው ሱሪና ቀሚስ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ታነብለታለች፤ እሱ «ልክ» ወይም «ስህተት» ይላል፣ እሷ ምልክቱን ታደርጋለች። ከጊዜ ብዛት ፕሮቶንና ኒውትሮንን ከአዝራርና ከዚፕ እኩል ለምዳቸው ነበር። ዘንድሮ የልጆቹ ውጤት ከምንጊዜውም በልጦ ስለነበር «ዓይኔ ሲደክም ምላሴ ሳይሳል አልቀረም» እያለ ይኩራራባታል።

ታዲያ አንድ አባት ትምህርት ቢሮ ሄዶ «በዚያ ሰውዬ ፈተና ልጆች መጽሐፍ ዘርግተው ይጽፋሉ» ብሎ ከሰሰ። መምህሩ ስም ማጥፋት መሰለው። ርዕሰ መምህሩ ግን ነገ አንዲት ሱፐርቫይዘር ክፍል ገብታ እንደምታየው ነገረው። ዓይኑ ከታወቀ ከክፍል ይወጣል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ከክፍል ከወጣ በኋላ ምን እንደሚሆን ሊያስበው ሞክሮ ነበር፣ ሐሳቡ ከደጃፉ አላልፍ አለው። ልጅ አልወለዱም። ሰው ሲጠይቃት ሚስቱ «በየዓመቱ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ እያመጣብኝ የቱን ልውለድ?» ትል ነበር፤ ሰዎቹ ይስቃሉ፣ እሷ አትስቅም።

የነገው ትምህርት ደግሞ ስለ አቶም ነው፤ ያውም የሜዳው ትምህርት። ይህን ትምህርት በትምህርት ቤቱ የማያውቀው የለም፣ ታላቅ ለታናሽ ያወራዋል። መምህሩ ክፍሉን ሜዳ ያወጣና ከባንዲራው እንጨት ሥር መሐረብ አንጥፎ አንዲት የሰናፍጭ ፍሬ ያስቀምጣል። «ይህች የሃይድሮጂን አቶም ኒውክለስ ናት» ይላል። አንድ ተማሪ ኤሌክትሮን ሆኖ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ይሄዳል፤ የግቢው ግድግዳ ጋ ሲደርስ መምህሩ «ቁም!» ይላል። ከዚያ የቀሩትን «በእሱና በፍሬዋ መካከል ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። እነሱም ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ «ምንም!» ብለው ይጮሃሉ። ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ያን ጩኸት ነበር።

ሚስቱ ተነስታ ማድ ቤት ገባችና ተመልሳ መዳፉ ላይ አንድ ነገር አኖረችለት።

«ምንድን ነው?»

«ሽምብራ። በዓይንህ ብታጣው በጣትህ ታገኘዋለህ።»

«ትልቅ ነው።»

«ትልቅ ነዋ!»

«ስሌቱን ያበላሸዋል፣ አንቺ። የኒውክለሱን ውፍረት በሠላሳ ሺህ ስታባዢ ነው ኤሌክትሮኑ ያለበት ርቀት የሚመጣው። በሰናፍጭ ከሆነ ግድግዳው ጋ ይቆማል፣ ልክ ነው። በሽምብራ ከሆነ ግን ግቢው አይበቃውም፤ አስፋልቱን ተሻግሮ ነው የሚሄደው።»

«እና ማን ሜትር ይዞ ይከተልሃል? ልጆቹ የሚያዩት አንድ ትንሽ ነገርና አንድ ራቅ ያለ ልጅ ነው።»

መምህሩ ልጆች «አምስት ሜትር ገደማ» ሲሉት «ገደማ የሚባል መለኪያ የለም» የሚል ሰው ነበር። ሽምብራውን በጣቶቹ መሐል አንከባለለው። ድቡልቡል ነው፣ በአንድ በኩል ሾጠጥ ይላል፣ አይጠፋም። ኪሱ ከተተው።

በማግስቱ ጠዋት ሱፐርቫይዘሯ ከክፍሉ ኋላ ተቀመጠች። መምህሩ የጫማዋን ድምፅ ተከትሎ የት እንደተቀመጠች አወቀና ፊቱን ወደዚያ አዙሮ ፈገግ አለ። ርዕሰ መምህሩ በሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ። እሱም ድሮ በዚሁ ክፍል የመምህሩ ተማሪ ነበር፤ ዛሬም «ጋሼ» እንጂ በሌላ አይጠራውም።

«ይህችን ጠመኔ ለሁለት ብሰብራት ምን አገኛለሁ?»

«ጠመኔ!»

«ግማሿን ደግሞ ብሰብራት?»

«ጠመኔ!»

«ሩቧንስ? የሩቧን ሩብስ?»

«ቅጣት ነው የሚያገኙት ቲቸር፤ የመንግሥት ንብረት ነው!» አለ ክፍሉ «ሬዲዮ» እያለ የሚጠራው ልጅ፤ አፉ ተዘግቶ አያውቅም።

ክፍሉ ሳቀ፤ ከኋላም የሴት ሳቅ ተሰማ። የመምህሩ ልብ ረጋ አለ።

«ሬዲዮ፣ ድምፅህን ቀንስና ከፀጉርህ አንዲት ዘለላ ንቀል። ሁላችሁም ንቀሉ። የራሳችሁን! የጎረቤታችሁን አላልኩም!» ወዲያው ከሁሉም ማዕዘን «ኦህ!» እና «እማዬን!» ተሰማ። «ያዛችሁ? በዚያች ፀጉር ውፍረት ላይ አቶሞችን ጎን ለጎን ብናሰልፋቸው ሚሊዮን ያህል ይቆማሉ። በቁመቷ አላልኩም፤ በውፍረቷ።»

«ቲቸር፣ ታዲያ ራሰ በራ ሰው ስንት አቶም ከስሯል ማለት ነው?»

ሁሉም በሩ ላይ ወዳለው ራሰ በራ ዞሩ መሰለው፤ ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ርዕሰ መምህሩ «ቆይ አንተን!» አለ፤ እሱም ግን እየሳቀ ነበር።

መምህሩ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል በዱላው ነካ አደረገው። የት እንዳለ በክንዱ ርዝመት ያውቀዋል። መሐል ላይ ቀይና ሰማያዊ ድቡልቡሎች ተጣብቀው፣ ዙሪያቸውን ትናንሽ ኳሶች በቀለበት ላይ ይዞራሉ።

«መሐል ያሉት?»

«ፕሮቶንና ኒውትሮን!»

«ዙሪያውን?»

«ኤሌክትሮን!»

«የአቶሙ ክብደት የት ነው ያለው?»

«ኒውክለሱ ላይ!»

«ይህ ሥዕል ታዲያ ሁለት ውሸት ይዋሻል። አንደኛ፣ ኤሌክትሮን በሽቦ ላይ እንደሚሄድ ዶቃ አይደለም። ‹እዚህ ጋ ነው› ብላችሁ በጣት አታሳዩትም፤ ‹እዚህ አካባቢ ሊኖር ይችላል› ነው የምትሉት፣ እንደ ጉም። ሁለተኛው ውሸት ከዚህ ይብሳል። በሠዓሊው አይፈረድበትም፤ ወረቀት አልበቃው ብሎ ነው የዋሸው። ኒውክለሱን በዚህ ትልቀት ከሣለ ኤሌክትሮኑን የሚያስቀምጥበት ወረቀት ከየት ይመጣል? ለሃይድሮጂን በስንት ነበር የምናባዛው?»

«በሠላሳ ሺህ» አለች አንዲት ልጅ፤ ሳትጮህ ነው። የመካኒኩ ልጅ ናት። አባቷ ከአስፋልቱ ማዶ ጋራዥ አለው። እሷም ከትምህርት መልስ ከመኪና ሆድ ሥር ለተኛው አባቷ መፍቻ ታቀብለዋለች።

«በሠላሳ ሺህ! እንግዲህ ወረቀት ካልበቃን ወደ ሜዳ እንውጣ።»

ልጆቹ እንደ ውሃ በበሩ ፈሰሱ። መምህሩ በመጨረሻ፣ ጫጫታቸውን እንደ ገመድ ይዞ ተከተለ። ከባንዲራው እንጨት ሥር ተንበረከከ፣ መሐረቡን አነጠፈ፣ ሽምብራውን አኖረ፤ በጣቱ ደግሞ ነካው። አለ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሠመረ። እንዲያውም ላለፉት ወራት እንዲህ ያለ ጥሩ ቀን አላስታውስም ብሎ ለራሱ ተናገረ።

«ማን ነው ኤሌክትሮን?»

«እኔ!» «እኔ ቲቸር!» «እኔ ኔጌቲቭ ነኝ፣ እናቴን ጠይቁ!» አለ ሬዲዮ።

«የመካኒኩ ልጅ ትሁን።»

ልጅቷ መጥታ ጎንበስ አለች። መሐረቡን አየች።

«ቲቸር፣ ዘንድሮ ሽምብራ ነው?»

«ሽምብራ ነው።»

«ስምንት ቁጥር ትሆናለች።»

«ምን?»

«በስምንት መፍቻ የምትያዝ። ስምንት ሚሊሜትር።»

መምህሩ ሳቀ። ይህቺ ልጅ በእውነት ደስ ታሰኘዋለች፤ ሱፐርቫይዘሯም እንደሰማች ተስፋ አደረገ። ከደስታው የተነሣ በየዓመቱ ለኤሌክትሮኑ የሚለውን ነገር አፉ እንዳመጣለት ተናገራት፤ ምን ብሎ እንደተናገረ እንኳን አላስተዋለም። «ሂጂ እንግዲህ፣ እናቴ፤ ስሌቱ እስኪያደርስሽ ድረስ።»

ልጅቷ ሄደች። መምህሩ ጀርባዋን ለጥቂት እርምጃ ያዘው፤ ከዚያ ከዓይኑ ቀዳዳ ወጣች። ራሱን ቀስ አድርጎ ወደ ግራ አዞረ፣ ወደ ቀኝ አዞረ። አላገኛትም። ቢሆንም አልደነገጠም፤ ሰው ከባንዲራው ተነስቶ ግድግዳው ለመድረስ ምን ያህል እንደሚፈጅበት ሰውነቱ ያውቀዋል። ጠበቀ። ልክ ሲመስለው ዓይኑን በግድግዳው ላይ ጎተተው። ነጭ ነው፣ ነጭ ነው፣ ነጭ ነው፤ ከዚያ አንድ ጥቁር ነገር ቆሟል።

«ቁሚ!» ብሎ ጮኸ።

ከኋላው ያለው ጫጫታ ጸጥ አለ።

«አያችኋት? ግድግዳው ጋ። ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች እዩ። ኤሌክትሮን ከፕሮቶኑ አንጻር እንዲህ ርቆ ነው ያለው። እጇንም እያወዛወዘችልን ነው። በቃ፣ እጅሽን አውርጂ! ኤሌክትሮን ሰላምታ አይሰጥም!»

በዚህ ቀልድ በየዓመቱ ይሳቃል። አሁን የሳቀ የለም። አንድ ልጅ ሊፈነዳ የደረሰ ሳቅ አፍኖ አስነጠሰ፤ ሌላው በክርኑ ጎሸመው። መምህሩ ዝምታውን ሰማው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ሆዱ አውቋል፣ አፉ ግን መንገዱን ቀጠለ።

«አያችኋት ወይ?»

«አየናት!» አለ ሬዲዮ። ድምፁ ቀጭን ነበር። «አየናት ቲቸር፣ ግድግዳው ጋ ናት!»

«አየናት!» አለ ሁለተኛው። «አየናት!» አሉ ሁሉም፣ አንድ ላይ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብለው።

መምህሩ ብዙ ዘመን ከልጆች ጋር ኖሯል። እውነተኛ ጩኸትና ለሰው ሲባል የሚጮኸውን ጩኸት ይለያል።

ሱፐርቫይዘሯ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። በመጥፎ አልተናገረችውም፤ ልጆቹ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር።

«መምህር፣ ያ የዘበኛው ካፖርት ነው። ሚስማር ላይ ተሰቅሎ። እጅጌውን ነፋስ ነው የሚያወዛውዘው።»

«ልጅቷስ?»

«በበሩ ወጥታለች። እርስዎ ዝም ሲሉ ሆን ብለው መሰለኝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ፈጥኖ ሆነ። ርዕሰ መምህሩ ጃኬቱን እያወለበለበ ወደ በሩ ሮጠ። አስፋልቱ ላይ የከባድ መኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ መምህሩ ከባንዲራው እንጨት ጋር ተጣበቀ፣ እስኪመለሱም ድረስ አልለቀቀውም። ልጅቷ ምንም አልሆነችም። ከመንገዱ ማዶ፣ ከአባቷ ጋራዥ አለፍ ብሎ ካለው ዳቦ ቤት ደጅ፣ እጇን ወደ ላይ ቀስራ «ቁሚ» እስክትባል ስትጠብቅ አገኟት።

ቢሮ ውስጥ ዘበኛው መጀመሪያ ተጠየቀ።

«እንዴት ታሳልፋታለህ?»

«ጌታዬ፣ ወዴት ነሽ አልኳት። ‹ኤሌክትሮን ነኝ፣ ሁለት መቶ አርባ ሜትር መሄድ አለብኝ› አለችኝ። ማን ላከሽ ስላት ቲቸር አለች። መመሪያው ተማሪ አታሳልፍ ይላል፣ ሻጭ አታስገባ ይላል፤ ስለ ኤሌክትሮን ግን የሚለው የለም። እኔ ምን ልበል?»

በሌላ ቀን ቢሆን መምህሩ ይህን ለሚስቱ ለማውራት እስኪመሽ መጠበቅ አይችልም ነበር። ርዕሰ መምህሩ ዘበኛውን አሰናብቶ፣ ሱፐርቫይዘሯ ውጭ ስልክ ስታነጋግር፣ ወደ መምህሩ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ልብ ብለው ይስሙኝ። ልጅቷ ሳይፈቀድላት ወጣች ብለን እንጻፍ። የዓይን ነገር አይነሳ፤ ካፖርቱም ቢሆን፣ ማንም ሰው ከሩቅ ይሳሳታል። እሷ ጥቂት ቀን ትታገዳለች፣ ትመለሳለች። እርስዎ ግን አንዴ ከወጡ አይመለሱም።»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ በለኛ።»

«ዳዋው ይበቅላል፣ ጋሼ። ስለ እርስዎ ብዬ ነው።»

መምህሩ ወዲያው «አይሆንም» አላለም። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገሩን አገላብጦ አየው። ሰባተኛ ክፍልን አየ፤ ነገ ጠዋት ገብቶ «ትናንት የት ደረስን?» ሲል ታየው። ልጅቷ ቤቷ ተቀምጣ መፍቻ ስታቀብልም ታየው። ጥቂት ቀን ነው። ጥቂት ቀን ምን አላት? እንዲህ እያለ ሳለ ሱፐርቫይዘሯ ልጅቷን ከፊቷ አስቀድማ ገባች።

«መምህር፣ ልጅቷን ከግቢ እንድትወጣ ፈቅደውላታል?»

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። የልጅቷ ትንፋሽ ይሰማ ነበር፤ ከሩጫው ገና አልተመለሰም።

«እኔ ነኝ የላክኋት» አለ መምህሩ። «ስሌቱ እስኪያደርስሽ አልኳት፤ ስሌቱ እዚያ ነው የሚያደርሰው። በሰናፍጭ ነበር ማድረግ የነበረብኝ። ሰናፍጩ ስለማይታየኝ በሽምብራ አደረግሁት። እሷም ስትወጣ አላየኋትም። አላይም።»



«ከመቼ ጀምሮ?» አለች ሱፐርቫይዘሯ።

«ቆይቷል።»

«ማን ያውቃል?»

«ሚስቴ። ሌላ ማንም አያውቅም።»

«እኛም እናውቃለን» አለች ልጅቷ።

መምህሩ ወደ ድምፅዋ ዞረ።

«ሁላችንም እናውቃለን፣ ቲቸር። ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ። ሬዲዮ ምላሱን አውጥቶ አፍንጫዎ ሥር ቆሞ ነበር፤ እርስዎ ‹ጥሩ ጥያቄ ነው› አሉት። ከዚያ ለማንም እንዳንናገር ተማማልን። ወንበሮቹንም የሚነካ እንዳይኖር ተረኛ አለን።» እውነት መናገር እንደጀመረ ልጅ ሁሉ የት ላይ ማቆም እንዳለባት አላወቀችም። «ፈተና ላይ መጽሐፍ የሚዘረጉትም እርስዎ ስለማያዩ ነው። እኔ ግን አልዘረጋሁም።»

መምህሩ ስለ ዓይኑ የሚባለውን ሁሉ ለመስማት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀም። ሚስቱ ሱሪና ቀሚሱን ገፋ አድርጋ ስታነብለት «ልክ፣ ልክ፣ ይህም ልክ!» ያለባቸው ወረቀቶች መጡበት። የኮራበት ዓመት ከእጁ ላይ ወደቀ።

ሱፐርቫይዘሯ ክፉ ሴት አልነበረችም። የሚቻላትን ያህል ረጋ ብላ ተናገረች፤ ከሰኞ ጀምሮ ክፍሉን ሌላ መምህር ይይዘዋል፣ እሱም ወደ መጻሕፍት ግምጃ ቤት ይዛወራል፣ ይህም ለእሱ ዕረፍት እንዲሆንለት ነው። መጻሕፍት ግምጃ ቤት ምን እንደሚሠራ አልጠየቃትም። ልጅቷን በተመለከተ ግን ርዕሰ መምህሩ ከግቢ መውጣት ከግቢ መውጣት ነው አለ፤ ለሌሎቹ መማሪያ እንዲሆን ትታገዳለች፣ አባቷም ይጠራል። መምህሩ «እኔ ነኝ አልኳችሁ እኮ!» አለ። ርዕሰ መምህሩም «ሰምተናል፣ ጋሼ» አለው። ሰምተውት ነበር፤ ለውጥ አላመጣም።

ኮሪደሩ ላይ ልጅቷ ስታለቅስ ሰማትና ግድግዳውን እየዳሰሰ ቀረበ።

«አይዞሽ፣ ልጄ። ልክ ነሽ እኮ። ስምንት ሲባዛ በሠላሳ ሺህ፣ ሁለት መቶ አርባ ሜትር። በዚህ ሁሉ ዘመን ያንቺን ያህል በትክክል የሄደ ኤሌክትሮን የለኝም።»

«ባላሰላው ኖሮ ግን ግድግዳው ጋ እቆም ነበር።»

«ልክ አይሆንም ነበራ።»

«እርስዎ ግን ክፍል ውስጥ ይቀሩ ነበር።»

ሰው ሁሉ እንደሚለው እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሊላት አሰበ፤ ለራሱ የጠራለት ነገር ስላልነበረ ተወው።

«ሁለተኛ አላሰላም» አለች ልጅቷ፤ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። በንዴት አልነበረም የተናገረችው፣ ሰው ከእሳት እጁን እንደሚያርቅ ነው። «ሁለተኛ ሰው ቁሚ የሚለኝ ጋ ነው የምቆመው።»

«እንዲያ አትበይ።»

የእርምጃዋን ድምፅ ሰማ፤ እየራቀ ሄደ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ከፊቱ አንብባ ምንም አልጠየቀችውም። ሻይ አፈላችለት። እሱ ሁሉንም አወራት፣ ዘበኛው ያለውን እንኳን ሳይቀር። እሷ በዘበኛው ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያው የስፌት መኪናዋን ረግጣ ማሽከርከር ጀመረች። መኪናው ላይ ጨርቅ እንዳልነበረ ከድምፁ አወቀ።

«ሽምብራውን የሰጠሁህ እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ።

«የተቀበልኩት እኔ ነኝ።»



ሰኞ ጠዋት አዲሱን መምህር ከልጆቹ ጋር እንዲያስተዋውቀው ጠሩት። ልጆቹ ወንበራቸውን እያንኳኩ ተነሱ። የመካኒኩ ልጅ አልነበረችም። አዲሱ መምህር ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ይቸኩላል፤ የጫማው ጫፍ ወለሉን ሲመታ ይሰማል።

«የት ደርሳችኋል፣ ጋሼ?»

«አቶም ላይ ነን። ኒውክለሱን ጨርሰናል፣ ኤሌክትሮኑንም ልከናል። በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ ነው የቀረው። እሱ ላይ ቢቆዩ ጥሩ ነው። ልጆቹ ‹ምንም› ብለው ሲመልሱ ገብቷቸው ይሁን በቃላቸው ይዘውት እንደሆነ በጥሞና ያዳምጡ።»

«እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለ ወጣቱ። «ችግር የለም፤ ባዶ ቦታማ ምን ያስተምሩታል? ዛሬውኑ አጠናቅቄው ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ እገባለሁ። በዓመቱ ዕቅድ ወደ ኋላ ቀርተናል።»

ልጆቹ አሁንም እንደቆሙ ናቸው። መምህሩ የሚላቸውን አስቦ መጥቶ ነበር። በወረቀቶቹ ምክንያት ሊቆጣቸው ይፈልግ ነበር፣ ስለ ወንበሮቹም ሊያመሰግናቸው ይፈልግ ነበር፤ ሁለቱ በአንድ አፍ አልወጣ አሉት። «ተቀመጡ» አላቸው። ተቀመጡ።

ከክፍሉ ወጥቶ ደረጃውን ወረደ። ግምጃ ቤቱ ከሜዳው ማዶ ነው። በዚህ ሰዓት ሜዳው ላይ ብቻውን ወጥቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ልጆች በየአቅጣጫው እየጮሁ መንገድ ያሳዩት ነበር፤ ከቧንቧው በኩል ግፊያ፣ ከበሩ በኩል የዘበኛው ቁጣ፣ ከግምጃ ቤቱ በኩል የኳስ ድምፅ። አሁን ሁሉም ክፍል ገብቷል። ጥቂት ሄደ፤ ቆመ። ዓይኑን ዙሪያውን ቢያዞረው ያገኘው ብርሃን ብቻ ነው። ወደ ኋላ ሊመለስ አሰበ፣ ኋላው የት እንደሆነ ጠፋው። ከአንዱ ክፍል ልጆች አንድ ነገር በኅብረት መለሱ፤ ምን እንዳሉ ግን አልለየውም፣ የትኛው ክፍል እንደሆነም አላወቀም።

ሰው ጠርቶ «እጄን ያዙኝ» ማለት ይችል ነበር። አልተጣራም። ደወል ሲደወል ልጆቹ ይወጣሉ፣ ያኔ ጫጫታው የት ምን እንዳለ ይነግረዋል። እስከዚያ ድረስ ፀሐዩ አናቱን እየመታው ሜዳው ላይ ቆሞ ጠበቀ።